የሪኪ ሩቢዮ መውጫ ዋጋ

ስለ ቅርጫት ኳስ ሲወራ ሰው ሁሉ ስለ ነጥብና ስለ ቁመት ያነሣል። እኔ የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ውሉ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ከስፔናዊው ጋርድ ከሪኪ ሩቢዮ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሩቢዮ በ2005 ለባርሴሎና ጎረቤት ከተማ ለባዳሎና ክለብ፣ ለሁቬንቱት፣ በስፔን አንደኛ ሊግ ሲሰለፍ ገና 14 ዓመቱ ነበር፤ በሊጉ ታሪክ ከእርሱ በፊት በዚያ ዕድሜ የተጫወተ አልነበረም። በ2008 ክለቡ የንጉሡን ዋንጫና የዩሌብ ዋንጫን ሲያነሣ ኳሱን ያቀናብር የነበረው ይኸው ልጅ ነው። በሰኔ 2009 የአሜሪካው ሚኒሶታ ቲምበርዎልቭስ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በ5ኛ ደረጃ መረጠው። (ስቴፈን ከሪ የተመረጠው በ7ኛ ደረጃ ነው፤ የሚኒሶታ ደጋፊዎች ይህን ዛሬም አይረሱትም።)

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በስፔን የሙያ ስፖርተኞችን የሥራ ውል የሚገዛው የ1985 ድንጋጌ ቁጥር 1006 ተጫዋቹ ውሉን በራሱ ፈቃድ ማፍረስ እንደሚችል ይቀበላል። ነገር ግን ካሣ ይከፍላል፤ መጠኑ በውሉ ካልተጻፈ ፍርድ ቤት ይወስነዋል። በሩቢዮ ውል ላይ ተጽፏል፣ ያውም በሚሊዮን ዩሮ። በአሜሪካው ሊግ ደንብ ደግሞ ቀጣሪው ክለብ በዚያ ዓመት ለማስለቀቂያ ሊያዋጣ የሚችለው 500 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር፤ ቀሪውን ተጫዋቹ ከኪሱ ያወጣል። ደመወዝ ጨምሩልኝ እንዳይል፣ የጀማሪ ደመወዝ በምርጫው ተራ አስቀድሞ የተተመነ ነው። ስለዚህ የ18 ዓመቱ ወጣት ወደ አሜሪካ ለመሄድ ለዓመታት በዕዳ መሥራት ነበረበት።

ሩቢዮ ካሣው ከሚከፈለው ደመወዝ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ክስ መሠረተ። እኔ በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1889 ተዋዋዮች የካሣውን መጠን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ ሆኖም አንደኛው ወገን ልጅ፣ ሌላኛው ደግሞ ያሳደገው ክለብ ሲሆን፣ ፊርማውን ብቻ አይቶ «ተስማምተዋል» ማለት ይከብደኛል። ክለቡንም ግን ስግብግብ ብዬ አላልፈውም። ሁቬንቱት በ1994 የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ፣ ነገር ግን ከታላላቆቹ ጋር በገንዘብ የማይወዳደር፣ ልጆች አሳድጎ የሚኖር ክለብ ነው። ካሣ ባይኖር ኖሮ አሥራ አራት ዓመት የሞላውን ልጅ ማን ያሰልፈው ነበር?

ነገሩ የተፈታው በሦስተኛ ወገን ነው። ባርሴሎና ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍሎ በ2009 ወሰደው፤ በ2010 የአውሮፓ ሊግ ዋንጫን አብረው አነሡ። ሚኒሶታ የገባው በ2011 ነው፤ የውሉ ዋጋ ሁለት ዓመት ሆነ ማለት ነው። ጊዜው ባከነ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ዋንጫ የተነሣበት ጊዜ ባከነ አይባልም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዝውውር ዝርዝር ነው፤ ዩታ፣ ፊኒክስ፣ እንደገና ሚኒሶታ፣ ክሊቭላንድ። የግራ ጉልበቱ ጅማት በ2012 እና በ2021 ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። በ2023 ለአእምሮ ጤናው ሲል ጨዋታ አቆመ፤ በጥር 2024 ከአሜሪካው ሊግ መሰናበቱን አስታውቆ በየካቲት ለባርሴሎና ፈረመ።

በ2025 በ34 ዓመቱ ወደ ሁቬንቱት ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የካሣ ክርክር አልነበረም።