ማፍላት የማያድነው ውሃ

ከብዙ ዓመታት በፊት በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷን ራሷን ያማታል፤ ያቅለሸልሻታል። «ሲስተር፣ የጉድጓዳችን ውሃ ሰሞኑን ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እኔ ግን አፍልቼ ነው የማጠጣት» አሉኝ። ቤታቸው ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ነበር። እኔም «ደህና አድርገዋል እማማ፤ ማፍላቱን አይተዉ» ብዬ፣ ለራስ ምታቱ ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ያ መልሴ ይቆጨኛል።

የተሳሳትኩት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ስለ ውሃ ስናስተምር የኖርነው ስለ ጀርም ነው። ጀርም በእሳት ይሞታል፤ በክሎሪንም ይሞታል። ነዳጅ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም። «ውሃ አጋር» ቢጨመርበት አይጠፋም፤ በነጠላ ቢያጠሉትም አይቀርም። ሲፈላ ከፊሉ ይተናል፤ የተነነው ግን የትም አይሄድም። በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ እናትየው እና ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ይተነፍሱታል። እሳት አጠገብ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው።

ነዳጁ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት ይገባል? የማደያ ታንከር የሚቀበረው ከመሬት በታች ነው። ብረቱ በዝገት ይበሳል፤ የቧንቧው መጋጠሚያ ይላላል። በቀን ጥቂት በጥቂት የሚንጠባጠበውን ማንም አያየውም። አፈሩን አልፎ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ሲደርስ፣ ከውሃ ስለሚቀል እንደ ወጥ ዘይት ይንሳፈፋል። ከፊሉ ግን ይሟሟና ውሃው ወደሚሄድበት አብሮ ይሄዳል።

ከሚሟሟው አንዱ «ቤንዝን» የሚባለው ኬሚካል ነው። ስሙ ከቤንዚን ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም፤ ቤንዚን ነዳጁ ራሱ ሲሆን ቤንዝን በውስጡ የሚገኝ ነው። የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በጥናት ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ0.01 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። አፍንጫችን የሚለየው ግን መጠኑ ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ውሃው ዳነ ማለት አይደለም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የምትገኘው የሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶቿን ዘግታለች። ከማደያ ታንከሮችና ከነዳጅ ቧንቧዎች የፈሰሰ ቤንዚን ስለበከላቸው፣ ከተማዋ ከውሃ አቅርቦቷ ግማሽ ያህሉን አጣች። የማጣሪያ ጣቢያ ተሠርቶ ውሃው እንደገና ለሕዝብ እስኪደርስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። የእኛዋ አዲስ አበባም ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉን የምታገኘው ከአቃቂ አካባቢ ጉድጓዶች ነው። መሬቷ ስንጥቅ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ውሃም ብክለትም ይጓዛል።

ጥርጣሬ ሲኖር ምርመራው የሚጀምረው ከማደያው መዝገብ ነው፤ የገባው፣ የተሸጠው እና በታንከሩ የቀረው ነዳጅ ይመሳከራል። ቀጥሎ በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶች ሁሉ ከነጥልቀታቸውና ከነአገልግሎታቸው ይመዘገባሉ። ከዚያ የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። በአንድ መስመር ላይ ያልተደረደሩ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ የውሃው ከፍታ በሦስቱም ሲለካ ወደ የት እንደሚፈስ ይታወቃል። አጠገብ ያለ ትልቅ ፓምፕ ግን ብክለቱን ወደ ራሱ ሊስብ ስለሚችል፣ ይህም ይታያል።

ናሙና አወሳሰዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤንዝን ስለሚተን ውሃው አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በቶሎ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። በሃይላንድ ላስቲክ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ማስረጃ አይሆንም። ክረምትና በጋ የውሃው ከፍታ ስለሚለያይ አንድ ጊዜ ተመርምሮ «ንጹሕ ነው» ማለትም አይበቃም።

የጉድጓዳችሁ ውሃ ነዳጅ ነዳጅ ካለ፣ ለመጠጥም ለወጥም ለሕፃን ወተት መበጥበጫም አትጠቀሙበት። በሙቅ ውሃ ገላ መታጠብም ይቅር፤ እንፋሎቱ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱን ክደኑት፤ ልጆችንና እሳትን አርቁ። አፈር ሞልታችሁ ግን አትድፈኑት፤ ለመርማሪው ምስክር እሱ ነው። ሽታው የጀመረበትን ቀን፣ ዝናብ እንደነበረ፣ ውሃው ላይ የቅባት ቀለም እንደታየ ጻፉ። ጎረቤት ካላችሁ አብራችሁ ወደ ወረዳችሁ የጤና፣ የውሃ እና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች በጽሑፍ አመልክቱ። ሐኪም ቤት ስትሄዱም ስለ ውሃው ሳትጠየቁ ተናገሩ።

አያቶች ደግሞ ሌላ ሥራ አላችሁ። ድሮ ማደያ የነበረበትን ቦታ፣ ዛሬ ቤት የተሠራበትን አሮጌ ጉድጓድ የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ። የተረሳ ጉድጓድ ነዳጅን ወደ ታች የሚያወርድ አቋራጭ መንገድ ነው፤ በካርታ ላይ ላይኖር ይችላል። መርማሪ ሲመጣ ወጥታችሁ አሳዩ።

ያቺ እናት ዛሬ በሬን ቢያንኳኩ «ማፍላቱን አይተዉ» አልላቸውም። «ውሃውን ይተዉት እማማ፤ ነገ ጠዋት ወረዳው ጋ አብረን እንሄዳለን» እላቸዋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።