ከጉሮሮ የሚነሳ የልብ ሕመም

ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ ደረጃ መውጣት የሚያቅታቸው፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ በመጨረሻም የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚይዙ ሰዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። የብዙዎቹ ሕመም የተነሳው በልጅነታቸው ከያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ነው። ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል፤ አብዛኞቹም ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርባቸውና ሕክምና በራቀባቸው አገሮች ይኖራሉ። ይህን በሽታ ማሸነፍ የሚቻለው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይሆን በጤና ጣቢያ፣ ያውም በአሮጌው ፔኒሲሊን ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያጠቃል። ሕመሙ ያለ መድኃኒትም በጥቂት ቀናት ይለቃል፤ ልጁ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፣ ቤተሰቡም ይረሳዋል። ነገር ግን የባክቴሪያው አንዳንድ ፕሮቲኖች ከልብ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ እሱን ለማጥፋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ በአንዳንድ ልጆች የገዛ ልባቸውን ያጠቃል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሳል፤ ጉልበት ያብጣል፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት ይተካል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። የመገጣጠሚያው እብጠት ጉዳት ሳይተው ይጠፋል፤ የልቡ ጉዳት ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር የልብ ቫልቭ ጠባሳ ያበጃል፣ ይወፍራል፣ ጠርዞቹ ይጣበቃሉ። በብዛት የሚጎዳው በግራው የልብ ክፍል፣ በላይኛውና በታችኛው ጓዳ መካከል ያለው ቫልቭ ነው። እሱ ሲጠብ ደም ወደ ኋላ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። የላይኛው ጓዳ እየተለጠጠ ሲሄድ የልብ ምት ይዛባል፤ እዚያ የረጋ ደም ተነቅሎ አንጎል ሲደርስ ወጣቱን በስትሮክ ይጥለዋል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ የእናትየዋ ደም ከወትሮው ወደ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር የጠበበው ቫልቭ አይችለውም፤ ብዙ ሴቶች መታመማቸውን የሚያውቁት ያኔ ነው።

ፔኒሲሊን ይህን እንደሚያስቀር ከታወቀ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የአየር ኃይል ሰፈር በተደረገ ጥናት፣ ጉሮሯቸው በፔኒሲሊን የታከመ ወታደሮች በሩማቲክ ትኩሳት የመያዝ ዕድላቸው እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል። መድኃኒቱ ሕመሙ በጀመረ እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ ቢጀመር እንኳ ይከላከላል፤ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኩባና ኮስታሪካም የጉሮሮ ሕክምናን የጤና ጣቢያ የዘወትር ሥራ አድርገው በሽታውን በእጅጉ ቀንሰዋል።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ስለሚመጣ ለሁሉም አንቲባዮቲክ መስጠት ጀርሞችን ከመድኃኒት ያላምዳል የሚሉ አሉ። የቫይረሱ ነገር እውነት ነው፤ ስለዚህም ልጁ በባለሙያ መታየት አለበት። ሳልና ንፍጥ ያለበት ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ነው የያዘው። ሳይስል ድንገት ያተኮሰው፣ የአንገቱ ንፍፊት ያበጠ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል የታየበት ግን ያሰጋል። ይህ ባክቴሪያ ደግሞ ፔኒሲሊንን እስካሁን አልተላመደም። የሚያስፈልገው አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ሳይቋረጥ ለ10 ቀን የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብሎ ማቆም አያዋጣም። እንጥል ማስቆረጥም ባክቴሪያውን አያስወግድም፤ ደም መፍሰስና መመርቀዝ ይጨምርበታል እንጂ።

ቀዶ ሕክምናውን ማስፋፋት አይሻልም ወይ? በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል፤ መደገፍም ይገባዋል። ሆኖም የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል፣ ደሙን እየደጋገመ ያስመረምራል፤ ማቅጠኛው ለነፍሰ ጡርም ለፅንሱም ያሰጋል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ብዙ ሕመምተኞች ጉሮሯቸውን የታመሙበትን ጊዜ አያስታውሱም፤ ታዲያ ያልታየ ሕመም እንዴት ይታከማል? እዚህ ላይ የሚደርሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የኡጋንዳ ጥናት፣ ምንም ሳይሰማቸው በአልትራሳውንድ ብቻ የልብ ጉዳት የታየባቸውን ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። መርፌውን ከወሰዱት ጉዳቱ የባሰባቸው ከ100 አንድ አይሞሉም፤ ካልወሰዱት ግን 8 ያህል ናቸው።

መርፌው ያማል፤ ጤነኛ የሚመስል ልጅን ለዓመታት ማመላለስም ለወላጅ ቀላል አይደለም። ይገድላል የሚለው ፍርሃት ደግሞ ቤተሰብን ብቻ ሳይሆን ባለሙያንም ይይዛል። ብርቱ አለርጂ አልፎ አልፎ ያጋጥማል እንጂ የተለመደ አይደለም፤ ከመወጋት በፊት አለርጂ መኖሩን መጠየቅ፣ ከተወጉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው መቆየት አደጋውን ይቀንሰዋል። ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች አንዳንዶቹ ከአለርጂ ይልቅ ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ ልብ በድንገት በመድከሙ የመጡ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ የልብ ሐኪሞች ያምናሉ። ለእንዲህ ያሉት ሕመምተኞች መከላከያው በሚዋጥ መድኃኒት እንዲሰጥ ይመከራል።