ከባሕር ስለሚነሣ ዐውሎ ነፋስና ቤትን አስቀድሞ ስለ ማሰናዳት

ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ርእስ፥ ከባሕር የሚነሣው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በሚደርስበት አገር ቤትና ንብረት አስቀድሞ እንዴት መሰናዳት እንደሚገባው የሚያስረዳ ነው። ይህን በሰማችሁ ጊዜ ከመካከላችሁ፥ «እኛ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ተቀምጠን የባሕር ነፋስ ምን አገባን?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንዲህ ያለው ነፋስ ኀይሉን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ስለ ሆነ፥ ወደ የብስ በገባ ጊዜ እየደከመ ይሄዳልና አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ ጣራ ያነሣል ተብሎ አይፈራም። ነገር ግን የአገራችን ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት የጂቡቲ ወደብ በባሕር ዳር ነው፤ በዚያም በመንግሥት ሥራ፥ በንግድና በመኪና ነጂነት የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ከዚያም አልፎ በኦማንና በሌሎቹ የዐረብ አገሮች እኅቱ ወይም ልጁ በሰው ቤት የምትሠራ ቤተ ሰብ በየሠፈራችን አለ። ስለዚህ ነገሩ ሩቅ መስሎ የሚታይ እንጂ ሩቅ አይደለም።

በግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተከትሎ በሶማሌላንድ ጠረፍ፥ ሉግሃያ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ ወደ የብስ ገባ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ ምድር የረገጠ ዐውሎ ነፋስ አልተመዘገበም ነበር። የጂቡቲ ከተማም በአንድ ዓመት ከምታገኘው ጋር የሚቀራረብ ዝናብ በአጭር ጊዜ ወረደባትና መንገዶችዋና ቤቶችዋ በውሃ ተጥለቀለቁ። ሳምንት ሳይሞላ፥ በግንቦት 17 ቀን፥ መኩኑ የተባለው ሁለተኛ ነፋስ ሶኮትራን መትቶ ካለፈ በኋላ የኦማንን ከተማ ሰላላን መታ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሰላላ የወረደው ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፥ ይህ ከተማዋ በአምስት ዓመት እንኳ የማታገኘው ነው። የመኩኑና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የተከተለው የሉባን ዝናብ በዐረቢያ ምድረ በዳ ውስጥ ሐይቅ እስኪሠራ ድረስ አረጠበው፤ ያም እርጥበት የበረሃ አንበጣ ሰው በማያየው ስፍራ ትውልድ በትውልድ ላይ እየጨመረ እንዲራባ አደረገ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻና በ2012 ዓ.ም. የገበሬዎቻችንን ማሳ የወረረው አንበጣ መነሻው ከዚያ ነው። እንግዲህ ነፋሱ ወደ አገራችን ባይመጣም መዘዙ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

ዐውሎ ነፋሱ የሚወለደው የባሕሩ ውሃ ከ26 ወይም ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ጊዜ ነው። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ሲወጣ በስፍራው ሌላ አየር ይሳባል፤ የምድርም መዞር ይህን የሚሳበውን አየር አጣሞ እንደ እንዝርት ያሽከረክረዋል። በመካከሉ ዐይን የሚባል ጸጥ ያለ ስፍራ ይኖራል። በአሜሪካ ሃሪኬን፥ በሩቅ ምሥራቅ ታይፉን፥ በእኛ አቅጣጫ ሳይክሎን ይባላል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በዐረብ ባሕር የሚነሣበት ወራት በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን፥ አንደኛው በግንቦትና በሰኔ፥ ሁለተኛው ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳርና እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ሶማሊያን ከመቱት ሁሉ ብርቱ ሆኖ የተመዘገበው ጋቲ የመጣው በኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር።

ይህ ጥፋት ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚለይበት አንድ ምሕረት አለው፤ ይኸውም ሳያስጠነቅቅ አለመምጣቱ ነው። ሳተላይት ከሰማይ ስለሚያየው የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድመው ያስታውቃሉ። እነዚህን ቀናት እንደ ሀብት መቍጠር ይገባል። ጎረቤት በእጅ ስልክ የሚያስተላልፈውን ወሬ ሳይሆን የአገሩን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትና የሲቪል መከላከያውን ቃል መከተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው፥ ቤቱ ጠንካራ ነው ወይ? የሚለው ሳይሆን፥ ቤቱ የተሠራው የት ላይ ነው? የሚለው ነው። ብዙ ሰው ነፋሱን ሲፈራ የሚገድለው ውሃ ነው። በዐረቢያና በጂቡቲ ምድር ዓመቱን ሙሉ ደርቀው የሚታዩ፥ ልጆች ኳስ የሚጫወቱባቸው የወንዝ መውረጃዎች አሉ፤ ዐረቦቹ ዋዲ ይሏቸዋል። ደረቅ ወንዝ በአንድ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ማጥፋቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። የዋዲ አጠገብ ቤት ወይም ከባሕሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ቤት፥ ግድግዳው የድንጋይ እንኳ ቢሆን፥ በዚያች ሌሊት የሰው ማደሪያ መሆን የለበትም። ነፋሱ ባሕሩን እየገፋ ወደ የብስ ያወጣዋልና። መንግሥት ልቀቁ ባለ ጊዜ ዕቃዬን ማን ይጠብቅልኛል ብሎ መከራከር፥ በእኛ አስተያየት፥ ዕቃንም ራስንም ማጣት ነው። በ1999 ዓ.ም. ጎኑ የተባለው ነፋስ ኦማንን በመታ ጊዜ የማሲራ ደሴት ነዋሪዎች አስቀድመው እንዲወጡ ተደርጎ ነበር።

ቤቱ በደኅና ስፍራ ያለ እንደ ሆነ ግን ማሰናዳቱ ዋጋ አለው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በሰላሙ ቀን ንቅንቅ የማይል ቆርቆሮ በዚያ ቀን እንደ ወረቀት ይነሣል። የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰው ምስማሮቹን አንድ በአንድ መርምሮ የላላውን ማጥበቅ፥ የዛገውን መለወጥ አለበት። ጣራው ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ጣራ ከሆነ ደግሞ የውሃ መውረጃው ቀዳዳ በአሸዋና በቅጠል መደፈኑ አይቀርምና መጥረግ ይገባል፤ ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያልተጠረገ እንደ ሆነ ግን ጣራው ኩሬ ይሆንና ውሃው በኮርኒሱ በኩል ወደ መኝታ ቤት ይወርዳል። በሰገነቱ ላይ የተቀመጠ ባዶ የላስቲክ ሮቶ ነፋስ ያንከባልለዋል፤ የሞላ ሮቶ ግን በክብደቱ ይቆማል። በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ማለት ይህ ነው፤ ውሃ ይጠራቀማል፥ ሮቶውም ከስፍራው አይነቃነቅም። ዲሹ ይውረድ፤ በግቢ ውስጥ ያለው ወንበር፥ የአበባ ማሰሮ፥ የልብስ ማስጫ፥ የልጆች ብስክሌት ሁሉ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ነፋስ ያነሣው ዕቃ የጎረቤትን መስኮት ይሰብራልና።

ስለ መስኮት አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰዎች በመስታወቱ ላይ ፕላስተር በመስቀል ምልክት ይለጥፉበታል። ይህ ልማድ ከአሜሪካ እስከ ሕንድ ድረስ የተስፋፋ ነው፤ ጥቅም ግን የለውም፤ መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም፥ እንዲያውም ስባሪው በትልልቁ ተቆርጦ እንዲወድቅ ያደርጋል። የሚያድነው የብረት ወይም የእንጨት መዝጊያ፥ ያ ከሌለ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ በመስኮቱ ልክ ተቆርጦ ከውጭ በብሎን ሲታሰር ነው። ኮምፔርሳቶውን ነፋሱ በተነገረ ቀን ከገበያ ልግዛ ያለ ሰው ሱቁን ባዶ ያገኘዋል፤ በወራቱ መጀመሪያ አስቆርጦ ቍጥር ጽፎበት ማስቀመጥ ይሻላል። የአየሩ ግፊት ቤቱን እንዳያፈነዳው አንድ መስኮት ክፍት ይተው የሚሉም አሉ፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግ። በተከፈተው መስኮት የገባ ነፋስ መውጫ ፍለጋ ጣራውን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል።

ወደ ውሃው ጉዳይ እንመለስ። የኦማን ዋና ከተማ ሙስካት የምትጠጣው በአብዛኛው በፋብሪካ ጨዉ የወጣለት የባሕር ውሃ ነው። ጎኑ ባለፈ ጊዜ እነዚህ ፋብሪካዎች ቆሙና ሰማዩ ያን ሁሉ ውሃ ባወረደበት ሳምንት የከተማዋ ሰዎች የሚጠጡት አጥተው በቦቴ መኪና ሥር ተሰለፉ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል፥ ቢያንስ ለሦስት ቀን፥ ቢቻል ለሳምንት ማጠራቀም ይገባል። አምስት ነፍስ ያለው ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር ማለትም ሦስት ትልልቅ ጀሪካን ያስፈልገዋል፤ ይህ ለመጠጥና ለምግብ ነው። ለመታጠቢያና ለመጸዳጃ በርሜሉና ባልዲው ሁሉ ይሞላ። ንጽሕናው የሚያጠራጥር ውሃ ይፈላ፤ ማፍላት ካልተቻለ ሽቶ ያልገባበት ተራ በረኪና በአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል።

ስንቅን በተመለከተ አባቶቻችንን የሚያህል አዋቂ አናገኝም። እሳት የማይሻ፥ የማይበላሽ፥ በትንሹ የሚያጠግብ ምግብ ፈልጉ ተብሎ በየአገሩ ሲሰበክ፥ በሶና ዳቦ ቆሎ፥ ቆሎና ድርቆሽ ይህን ሁሉ አሟልተው ይገኛሉ። በጂቡቲም ሆነ በሙስካት ያለ ወገናችን ከአገር ቤት የተላከለትን በሶ ለዚህ ቀን ቢቆጥብ መልካም ነው። ለሕፃናት ወተት፥ ለታማሚ የሳምንት መድኃኒት፥ የእጅ ባትሪ፥ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ይታከልበት። የእጅ ስልክ አስቀድሞ ይሞላ፤ ከመብራቱ ጋር የስልኩም መስመር ሊቋረጥ ስለሚችል ግን በእርሱ ብቻ አይታመንም። ባንኩ ሊዘጋ ይችላልና ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በእጅ መኖር አለበት።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የወረቀትን ነገር ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ አንድ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት በጠፋ ጊዜ የሚሆነውን እናውቀዋለን። ፓስፖርት፥ የመኖሪያ ፈቃድ፥ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፥ የትምህርት ማስረጃ፥ የቤት ካርታ፥ ሁሉም በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ ሰው በሚይዘው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ፎቶግራፋቸውም በስልክ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ላለ ዘመድ ይላክ። በሰው ቤት ለሚሠሩ እኅቶቻችን ይህ ከሁሉ ይበልጣል። የብዙዎቹ ፓስፖርት ያለው በአሠሪው ቍምሣጥን ውስጥ ነው፤ ቤቱ በጎርፍ ተይዞ ወረቀቱ ቢጠፋ፥ ልጅቱ ማንነትዋን የምታስረዳበት ነገር ሳይኖራት በባዕድ አገር ትቀራለች። ስለዚህ ዛሬ በስልክ የምታነጋግሯት እኅት ካለች የፓስፖርትዋ ቅጂ በእናንተ ዘንድ እንዳለ አረጋግጡ፤ የቤቱንም አድራሻና የሠፈሩን ስም ጽፋችሁ ያዙ። የምትተኛው በምድር ቤት ውስጥ ከሆነ፥ በዚያች ሌሊት ከባለቤቶቹ ጋር ወደ ላይኛው ፎቅ እንድትወጣ ራስዋ መጠየቅ ይገባታል፤ ይህን የሚከለክል አሠሪ ቢኖር እርሱን የምንጠራበት ቃል ለራዲዮ አይስማማም።

ነፋሱ በደረሰ ጊዜ መብራቱ ከሳልባቪታው ይጥፋ፤ ቤተ ሰቡ መስኮት በሌለው በውስጠኛው ክፍል ይሰብሰብ። ድንገት ጸጥ ቢል አልፏል ብሎ መውጣት አደገኛ ነው። ያ የነፋሱ ዐይን ሊሆን ይችላል፤ ዐይኑ ሲያልፍ ነፋሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ተመልሶ ይመታል። ብዙ ሰው የሞተው ቆርቆሮውን ሊያስተካክል በወጣባት በዚያች ጸጥታ ነው።

ካለፈም በኋላ ጎርፍ ያለበትን መንገድ በመኪና እሻገራለሁ ማለት አይገባም። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ፈሳሽ ውሃ ጐልማሳውን ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የወደቀ ሽቦ አይነካ። ጀኔሬተር ያለው ሰው ከቤቱ ውጭ፥ ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ ያስነሣው፤ ከሰልም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀጣጠል፤ ጭሱ ሳይታይ እንደሚገድል በአገራችን ክረምት በየዓመቱ የምንሰማው ነው። ውሃ የነካው ማቀዝቀዣና ሌላው የመብራት ዕቃ ሁሉ ባለሙያ ሳይመረምረው አይሰካ፤ ጎርፍ የነካው ምግብም፥ በጣሳ ካልታሸገ በቀር፥ ይጣል። ፍራሽና ምንጣፍ በመጀመሪያው ፀሐይ ቀን ወጥተው ይሰጡ፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ይዋል።