አልሜንድሮን፦ በኩባ ገጠር መንገድ የሚያልፈው አሮጌ አሜሪካዊ

ከቪኛሌስ ወደ ሚናስ ዴ ማታአምብሬ የሚወስደው የምዕራብ ኩባ መንገድ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ቀይ አፈርና የትምባሆ ማሳ ነው፤ ከማሳው መሃል ሞጎቴ የሚሏቸው የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ይነሳሉ። ጠዋት በዚህ መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከመኪና ይልቅ የበሬና የፈረስ ጋሪ ነው የሚያጋጥመው። ስለዚህ ከኋላዬ የናፍጣ ሞተር ሲንኳኳ ስሰማ አይሱዙ ብጤ የጭነት መኪና መስሎኝ ጥጌን ያዝኩ። ያለፈኝ ግን ሰማያዊ የ1955 ሸቭሮሌ ነበር። ከፊት ሦስት ሰው፣ ከኋላ አራት፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ከረጢትና አንድ የብረት አልጋ። ሾፌሩ ክላክሱን ሁለቴ ነካ አድርጎ እጁን በመስኮት አወጣና ኩርባው ላይ ጠፋ። የማርሚታው ጭስ ግን እስኪበተን ድረስ ከእኔ ጋር ቆየ።

ኩባውያን ይህን መኪና አልሜንድሮን ይሉታል። ቃሉ በስፓኝኛ ትልቅ የአልሞንድ ፍሬ ማለት ነው፤ ሞላ፣ ክብ ያለውን ቅርጹን አይተው ያወጡለት ስም ነው። ሃቫና ውስጥ ሮዝና ቢጫ ተቀብተው ቱሪስት የሚያዞሩትን ክፍት መኪኖች በፎቶግራፍ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። እነሱ ለበዓል የለበሱ ዘመዶቹ ናቸው። አልሜንድሮኑን በሥራ ልብሱ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ገጠር መውጣት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ከብስክሌት የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በአውቶቡስ መስኮት ሽው ብሎ የሚያልፈው ነገር በብስክሌት ሲሆን ይሰማል፣ ይሸታል፣ ቆሞም ሲጠገን ይገኛል።

ለምን እዚያ ቀሩ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጥቂት ዓመቶች ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከ1959 በፊት ኩባ የአሜሪካ መኪና ገበያ ነበረች። ከፍሎሪዳ ጫፍ ያላት ርቀት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መኪና በጀልባ ተጭኖ ይመላለስ ነበር። የካስትሮ አብዮት በጥር 1959 ሥልጣን ያዘ። አሜሪካ በጥቅምት 1960 ከምግብና ከመድኃኒት በቀር ወደ ኩባ የሚላከውን ዕቃ አገደች፤ በየካቲት 1962 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እገዳውን በንግዱ ሁሉ ላይ አጸኑት። ከዚያ በኋላ አዲስ መኪናም፣ አንዲት ካንዴላም በሕጋዊ መንገድ ከዲትሮይት አልመጣችም። ሶቭየት ኅብረት የላከቻቸው ላዳና ሞስክቪች ለተመረጠ ሠራተኛና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚታደሉ ነበሩ። ተራው ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ሊገዛውና ሊሸጠው የሚችለው ከአብዮቱ በፊት የገባውን መኪና ብቻ ነበር። ይህ ሕግ የላላው በ2011 ነው። በጥር 2014 መንግሥት አዳዲስ መኪኖችን ለማንም መሸጥ ሲጀምር ደግሞ አንድ ፔጆ 508 ከ250,000 ዶላር በላይ ተለጠፈበት። ዛሬም በመንገድ ላይ አሉ ተብለው የሚገመቱት አሮጌ አሜሪካውያን 60,000 ያህል ናቸው።

አሁን ወደ መለየቱ ልምጣ፤ ለእኔ የጉዞው ትልቁ ደስታ ይኼ ነበርና። ብስክሌተኛ ሁልጊዜ የሚቀደም ነው። መኪናውን አስቀድሞ በጆሮው ያውቀዋል፣ ቀጥሎ ጎኑን በጨረፍታ ያያል፣ በደንብ የሚያጠናው ግን ጀርባውን ነው። እንደ ዕድል ሆኖ የ1950ዎቹ የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ትልቁን ድካማቸውን ያፈሰሱት ጀርባው ላይ ነው።

በ1948 የካዲላክ ነዳፊዎች ፒ-38 ላይትኒንግ የሚባለውን ባለ ሁለት ጭራ የጦር አውሮፕላን አይተው ከኋላ ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ ትንሽ ክንፍ አወጡ። ቡድኑን የሚመራው የጄኔራል ሞተርስ ዋና ነዳፊ ሃርሊ ኧርል ነበር። ክንፏ በየዓመቱ ስታድግ ከርማ በ1959 ካዲላክ ላይ እጅግ ከፍ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ማነስ ጀመረች። ስለዚህ ክንፍ ያየ ሰው ዓመቱን ለመገመት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ጎን ተዘርግታ፣ ከሥሯ የድመት ዓይን የመሰለ ቀይ መብራት ካለ የ1959 ሸቭሮሌ ነው፤ በመጨረሻዎቹ መርከቦች ከመጡት አንዱ። ትልቅ ክብ የኋላ መብራት ካዩ ፎርድ ብለው ይገምቱ። የ1956 እና የ1957 ሸቭሮሌ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ምሥጢር አላቸው፦ የነዳጅ መሙያ ክዳናቸው አይታይም። በ56ቱ ከግራው የኋላ መብራት ጀርባ፣ በ57ቱ ከግራው ክንፍ የኒኬል ጌጥ ሥር ተደብቋል። ነዳጅ ማደያ ላይ አንድ ሾፌር መብራቱን እንደ ቁም ሳጥን በር ሲከፍተው ካዩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከፊት የሚመጣውን ለመለየት ደግሞ አፍንጫውን ነው ማየት። በመሃል እንደ አውሮፕላን ሞተር እምብርት ያበጠ ብረት ያለው የ1949 ወይም የ1950 ፎርድ ነው፤ እብጠቱ ሁለት ከሆነ 1951። በፊት ፓራፋንጎው ጎን ሦስት ወይም አራት ቀዳዳ የተደረደረበት ቢዩክ ነው። በኮፈኑ መሃል ለመሃል የኒኬል መስመር የተዘረጋበት፣ እስከ 1956 ድረስ፣ ፖንቲያክ ነው። የፊት መስታወቱ በመሃል ለሁለት ከተከፈለ መኪናው ከ1953 በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

በምልክቱ ግን አትታለሉ። ኩባ ውስጥ ስም የተጻፈበት ብረት ከመኪና መኪና ይዞራል፤ የፕሊማውዝ አካል የሸቭሮሌ ጌጥ ለብሶ አይቻለሁ። የላሜራውን እጥፋት እመኑ። አንድ ሙሉ ፓራፋንጎ መቀየር ከባድ ነው፣ ምልክት መለጠፍ ግን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ድምፁ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግራችኋል፤ ውስጡን። ሸቭሮሌ በ1955 ያወጣው 4.3 ሊትር ቪ-8 ሞተር በዓለም የታወቀ ነው፤ በኩባ መንገድ ላይ ግን ቪ-8 መስማት ብርቅ ነው። ነዳጅ ይጠጣል፣ መለዋወጫም የለውም። ረጋ ብሎ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ የቀድሞው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከእነ ነፍሱ ነው፤ ቆም ብላችሁ አክብሩት። የሚንኳኳ ከሆነ ግን፣ አብዛኛውም እንዲያ ነው፣ ከኮፈኑ ሥር ያለው የናፍጣ ሞተር ነው፦ ከፔጆ፣ ከመርሴዲስ፣ ከሃዩንዳይ ወይም ከአሮጌ የሶቭየት መኪና የተነቀለ። ከዚህም አልፎ የላዳ ሞተር ተሸክሞ የሚያዘግም አለ፤ አዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለዓመታት በታክሲነት ያገለገለችን ያችው ላዳ።

ይህ ሁሉ ማዳቀል እንዴት ይቻላል ቢሉ፣ ምክንያቱ በአሠራራቸው ላይ ነው። የዛሬ የቤት መኪና አካሉና አጥንቱ አንድ ላይ የተበየደ ነው። የያኔው አሜሪካዊ ግን እንደ ጭነት መኪና ከሥር ራሱን የቻለ ወፍራም ቻሲ አለው፤ አካሉ በላዩ ላይ በብሎን ይታሰራል። የሞተሩ ክፍል ሰው ገብቶ የሚሠራበት ያህል ሰፊ ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ፤ ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ ባትሪ ብቻ። ስለዚህ መካኒኩ የሞተሩን ማሰሪያ በርዝመቱ ቆርጦ ይበይዳል፣ የሞተሩንና የካምቢዮውን መገጣጠሚያ ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስቀርጻል፣ ይነዳዋል። ጓርኒሲዮኑ በመቀስ የተቆረጠ ነው። የዛገው ላሜራ በፕላስተርና በስቱኮ ተሞልቶ በቤት ቀለም የተቀባ ነው፤ የባሕሩ ጨዋማ አየር ለብረት ምሕረት የለውም። መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ቆሜያለሁ፣ ማንም አባርሮኝ አያውቅም። አንድ አረጋዊ ሾፌር መኪናውን አባታቸው አዲስ ሳለ እንደገዙት፣ አሁን ያለበት ሞተር አራተኛው እንደሆነ በጣታቸው ቆጥረው ነግረውኛል።

አንድ ነገር ግን ለብስክሌተኛው በግልጽ መነገር አለበት። እነዚህ መኪኖች ሲሠሩ የፍሬን ዘይታቸው የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነበር፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ ከኋላችሁ አልሜንድሮን ሲመጣ ክርክር የለም፣ መንገዱን ልቀቁለት። ፍሬኑ ከጠፋ በአንድ ተኩል ቶን ብረት ላይ ተጭኖ የሚወርደውን ሰው ሁሉ የሚያቆመው የሾፌሩ የማርሽ ጥበብ ነው።

ገጠር ውስጥ ሥራቸው ሕዝብ ማመላለስ ነው። የፊት ወንበራቸው አንድ ወጥ፣ የማርሽ ዘንጋቸውም ከመሪው ሥር በመሆኑ ሦስት ሰው ከፊት ያለ ችግር ይቀመጣል። ሾፌሩን ቦቴሮ ይሉታል፤ መስመሩ የታወቀ ነው፣ ሲሞላ ይነሳል። በስተምሥራቅ፣ በሳንቲያጎና በጓንታናሞ ተራሮች፣ ቦታውን የያዙት የ1940ዎቹና የ50ዎቹ ዊሊስ ጂፖች ናቸው። የዘመኑ የፎርድና የሸቭሮሌ የጭነት መኪናዎችም አግዳሚ ወንበር ተበይዶላቸው፣ ጣሪያ ተሠርቶላቸው ሰው ይጭናሉ። የእኛን ውይይት ታክሲ የሚያስታውስ ሰው ውስጡን ሲያይ አገሩ የገባ ይመስለዋል።

ብስክሌቱም ቢሆን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ሶቭየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ የኩባ ነዳጅ አብሮ ደረቀ። ልዩ ዘመን ባሉት በዚያ ችግር መንግሥት ከቻይና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት አስመጣ። ሃቫና ወደብ ሥር ባለው ዋሻ ብስክሌተኞችን ከእነ ብስክሌታቸው የሚያሻግር አውቶቡስ ሳይቀር ተመደበ። አልሜንድሮኖች በየበረንዳው ሲቆሙ አገሩን የተሸከሙት እነዚያ ከባድ ጥቋቁር ብስክሌቶች ናቸው፤ ዛሬም በየገጠሩ ከነዝገታቸው ይሄዳሉ። በዚያው ዘመን በየመንደሩ የተተከለው ጎሚስታም፣ እነሱ ፖንቼራ ይሉታል፣ እስካሁን የሁለቱም ባለውለታ ነው፤ የሸቭሮሌውን ጎማና የእኔን ካላማዳሪያ በአንድ ሙጫ ለጥፏል። በፕላያ ላርጋ አካባቢ በጸደይ ወራት የምትሄዱ ከሆነ የጎሚስታውን ቤት ቀድማችሁ እወቁት። ወደ ባሕር የሚሻገሩ ቀይ ሸርጣኖች መንገዱን ይሞሉታል፣ የተሰበረ ቅርፊታቸውም ጎማ ይበሳል።

ስለ እነዚህ መኪኖች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ናፍቆት የተቀላቀለበት ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደዚያው ነበርኩ። ሾፌሮቹን ሳነጋግር ግን ብዙዎቹ ነገ አዲስ የጃፓን መኪና ቢሰጣቸው እንደሚለውጡት ነገሩኝ። መኪናው የቤተሰቡ እርሻ ነው፤ አርሶ አደር በሬውን በሚያይበት ዓይን ያዩታል። በመጋቢት 2024 አንድ ሊትር ቤንዚን ከ25 ፔሶ ወደ 132 ፔሶ ሲወጣ ይህ እርሻ ተናጋ። አሁን በየመንገዱ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች በዝተዋል። ብዙ አልሜንድሮኖች ነዳጅ ሲገኝ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ የማይንቀሳቀስ አሮጌ መኪና ደግሞ ቶሎ ይፈታል፣ ክፍሉም ለሌላው ይሆናል። ማየት የሚፈልግ ሰው ባይዘገይ ጥሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስበው አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በቆመው የትግላችን ሐውልት ሥር በኦጋዴን ጦርነት የወደቁት ኩባውያን ይታሰባሉ። ከዚያ ጦርነት በኋላ፣ ከ1978 ጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ተልከው እዚያ ተምረዋል፣ አድገዋል። ቴክኒክ የተማሩም፣ በእረፍት ቀን ወደ ሃቫና የተሻገሩም ነበሩ። እኔ ለጥቂት ሳምንታት በብስክሌት ያየኋቸውን መኪኖች እነሱ በልጅነታቸው ተሳፍረውባቸዋል፣ ምናልባትም ገፍተዋቸዋል። ይህን የምታነቡ የኩባ ልጆች ካላችሁ የምታውቁትን ጻፉልን፤ የትኛው መኪና በየትኛው መንገድ እንደወሰዳችሁ፣ ሾፌሩ ምን እንደሚላችሁ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ማን ወርዶ እንደሚገፋ።