በየዓመቱ የሚመለስ ስንጥቅ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ የጡብ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። የእኛም ሰዎች ተከራይተውም ገዝተውም ኖረውባቸዋል፤ ዛሬም ይኖሩባቸዋል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ሰው ሳሎን ጋደም ብሎ ሽቅብ ሲያይ ከመብራቱ ሥር ተነሥቶ ወደ መስኮቱ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ኮርኒሱ ላይ ሊያገኝ ይችላል። ስቱኮ ገዝቶ ይሞላዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያለሰልሰዋል፤ ቀለም ይቀባዋል። በሙቀቱ ወራት የዳነ ይመስላል። ብርዱ ገብቶ ማሞቂያው መሥራት ሲጀምር ግን ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ ይመጣል።

እኔ አንዱን ስንጥቅ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሞልቼዋለሁ። በአራተኛው ዓመት ከመሙላቴ በፊት ከልስኑ በላይ ምን እንዳለ ለማወቅ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ።

ከላይ ያለው ነገር የጭቃ ቤት ሲሠራ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በእኛ አገር ቋሚው ይተከላል፤ ማገር በአግድም ይመታበታል፤ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃው በማገሮቹ መሃል ሾልኮ ከወዲያ በኩል ስለሚያብጥ ደርቆ እንኳ ከእንጨቱ አይላቀቅም። የአሜሪካና የእንግሊዝ ግንበኞች ይህንኑ ዘዴ ለኮርኒስ አውለውታል። የላይኛውን ፎቅ ወለል በተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ሥር፣ ስፋታቸው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ስስ የጣውላ ማገሮች በምስማር ይመታሉ። በየሁለቱ መካከል ከትንሽ ጣት የጠበበ ክፍተት ይተዋል። ከዚያ ኖራና አሸዋ ይቦካል፤ እኛ ጭድ በምንጨምርበት ቦታ እነሱ የከብት ወይም የፍየል ፀጉር ይጨምራሉ። ሠራተኛው ይህን ልስን ከታች ወደ ላይ ሲጫነው በክፍተቶቹ አልፎ ከማገሮቹ ጀርባ ይታጠፋል። ባለሙያዎቹ ይህን እጥፋት በእንግሊዝኛ «ቁልፍ» ይሉታል፤ እኔ ጥፍር ብለው ይቀለኛል፤ ሥራው እንደ ጥፍር ጨብጦ መያዝ ነውና። በዚህ ላይ ሁለተኛው ልስን፣ በመጨረሻም ስሱ ነጭ ልስን ይደረባል። ሦስቱ ተደምረው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራሉ።

ክብደቱ ቀላል አይደለም። ማገሩን ጨምሮ አንዱ ካሬ ሜትር 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ሳሎን ካላችሁ፣ ከራሳችሁ በላይ ስምንት ኩንታል ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የያዙት እነዚያ ከማገሩ ጀርባ የተደበቁ ጥፍሮች ናቸው።

ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ስለሚመለስ ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ በሰዓታት የሚጠጥረው ጀሶ ቦታውን እየወሰደ መጣ። ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1894 በወረቀትና በጀሶ ንብርብር ለተሠራ ሰሌዳ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከዚያ የተወለደው የጂፕሰም ቦርድ የማገርና የልስንን ሥራ ከአዳዲስ ቤቶች አስወጣው። ስለዚህ ይህ ዓይነት ኮርኒስ ያለበት ቤት በአብዛኛው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ታዲያ ስንጥቁ ለምን ይመለሳል? እንጨት ከተቆረጠ ከመቶ ዓመት በኋላም እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሙቀቱ ወራት የዲሲ አየር እርጥብ ነው፤ በብርዱ ወራት ማሞቂያው የቤቱን አየር ያደርቀዋል። ማገሩና አግዳሚው በየዓመቱ ይህን ዑደት ይከተላሉ፤ ልስኑ ግን ደረቅና ግትር ስለሆነ አብሮ መሳብ አይችልም። በዚህ ላይ ፎቅ ላይ ሰው ሲራመድ አግዳሚው ይረግባል። መሐንዲሶች በልስን ኮርኒስ ላይ የሚፈቅዱት የተለመደ ገደብ የርዝመቱን አንድ 360ኛ ነው፤ ለ4 ሜትር አግዳሚ 11 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። አሮጌ ቤት ይህን ገደብ ማክበሩን ማንም አላረጋገጠም።

ልስኑ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ በኋላ እንቅስቃሴው ሁሉ በዚያ መስመር ላይ ያርፋል። እኛ የምንሞላው ስቱኮ ወርዱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ያን ሁሉ መሳብና መገፋት በዚህች ጠባብ ስፌት ላይ ጭነን እንድትችለው እንጠብቃለን። ልትችለው አትችልም። ሦስት ዓመት ቀዳዳ እየመሰለኝ የሞላሁት ነገር የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ነበር።

ከእንጨቱ እንቅስቃሴ የከፋው ምክንያት የጥፍሮቹ መሰበር ነው። ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚያንጠባጥብ ውሃ ጀሶን ያላሽቃል፤ ምስማርን ያዝጋል። ለመብራት ገመድ ወይም ለቧንቧ ሲባል ጣሪያ ሥር የተራመደ ሠራተኛም ጥፍር ይሰብራል። ጥፍሩ ሲሰበር ልስኑ ከማገሩ ይላቀቅና በጎረቤቱ ላይ ተደግፎ ይቆያል። ጎረቤቱም አንድ ቀን ይደክማል።

እንዲህ ያለው ድካም ሳይታይ ቆይቶ ምን እንደሚያደርግ ለንደን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1901 በተከፈተው አፖሎ ቴአትር፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ትርኢት እየታየ ሳለ የኮርኒሱ ክፍል ተመልካቹ ላይ ወደቀ፤ ከ70 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ያ ኮርኒስ በማገር ላይ የተለሰነ አልነበረም፤ በጀሶ በተነከረ የጆንያ ጨርቅ ተንጠልጥሎ የተያዘ ነበር። ጨርቁ በዘመናት ውስጥ እርጥበት እየነካው በስብሶ ነበር። ሥራቸው ቢለያይም ትምህርቱ ለሁለቱም ነው፤ መታየት ያለበት የልስኑ ፊት ብቻ ሳይሆን ልስኑን የያዘው ነገር ነው።

ምርመራው እርሳስና መዳፍ ነው። በመጀመሪያ ከታች ሆናችሁ እዩ። ከስንጥቁ አንደኛው ወገን ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ወይም ኮርኒሱ እንደ ሆድ ተነፍቶ ከተንጠለጠለ አትንኩት፤ ክፍሉን ልቀቁና ባለሙያ ጥሩ። ኮርኒሱ ለጥ ያለ ከሆነ በመሰላል ወጥታችሁ ስንጥቁ አጠገብ በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉ። ካልተነቃነቀ ጥፍሮቹ ይዘዋል። እንደ ሶፋ ትራስ ሄዶ ከተመለሰ ለቀዋል። በጣት ጫፍም አንኳኩ፤ የያዘው ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። ከዚያ የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ፣ ከቤቱ አንድ ነገር አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ቡናማ እድፍ ካለ ግን ስድስት ወር አትጠብቁ፤ ውሃው መጀመሪያ መቆም አለበት። ውሃ እየወረደ የሚደረግ ጥገና ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው።

ከመፋቅ በፊት አንድ ብርቱ ነገር አለ። በአሜሪካ የእርሳስ ማዕድን (ሊድ) ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተቀባ ኮርኒስ ላይ ደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ማንሸራተት አቧራውን በቤቱ ሁሉ መበተን ነው፤ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። በዚያ ዘመን የተረጩ ሸካራ ኮርኒሶች አስቤስቶስም ሊኖርባቸው ይችላል። ናሙና ሳይመረመር አይነካም።

ጥገናው የሚጀምረው የለቀቀውን መልሶ በመያዝ ነው። በስንጥቁ ውስጥ የተጠራቀመውን ፍርካሽ በአቧራ መምጠጫ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ካልወጣ ልስኑ ወደ ቦታው አይመለስም። ከዚያ ለዚህ ሥራ የተሠሩ፣ ስስና ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ሮንዴላዎች ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው በብሎን ይያዛሉ። ብሎኑ አግዳሚውን ካገኘ ከሁሉ ይሻላል፤ ካላገኘ ማገሩን ይይዛል። አጠባበቁ እንደ መኪና ጎማ ነው፤ አንዱን እስከ መጨረሻ ሳይሆን ሁሉንም ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ። ኮርኒሱ ቀስ እያለ ወደ ማገሩ ሲመለስ በዓይን ይታያል። ቅርጽ ባለበት ወይም ብሎን መግባት በሌለበት ቦታ ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳዎች ማጣበቂያ ይገባና እስኪደርቅ በእንጨት ድጋፍ ወደ ላይ ተገፍቶ ይያዛል።

ከዚህ በኋላ ነው የመሙላት ተራ። የስንጥቁ አፍ ትንሽ ይሰፋል፤ አሮጌው ልስን ውሃ ስለሚመጥ ጠርዙ ይረጥባል። ለመጀመሪያው ሙሌት ከባልዲ የሚወጣውን ዝግጁ ስቱኮ አልመክርም፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዱቄት ተሽጦ በውሃ የሚበጠበጠው፣ እንደ ጀሶ በራሱ የሚጠጥረው ይሻላል። በላዩ የፋይበርግላስ መረብ ይለጠፋል፤ መረቡ እንቅስቃሴውን ከጠባቧ ስፌት አውጥቶ ወደ ሰፊ ቦታ ያካፍለዋል። መረቡም በሦስት ስስ ንብርብር ይሸፈናል፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ሰፍቶ የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ኮርኒሱ ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር በጥቃቅን ስንጥቆች ከተሞላ መረብ በየመስመሩ ከመለጠፍ ሙሉውን በፋይበርግላስ ጨርቅ ማልበስ ይቀላል።

ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት ማዕዘን ግን ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። እዚያ የሚሳብ ማሸጊያ ወይም ግድግዳው ላይ ብቻ የተመታ የእንጨት ጌጥ አድርጉበት፤ ኮርኒሱ ከጀርባው እንደልቡ ይንሸራተታል።

ብዙ ሥራ ተቋራጭ ገና ሲያየው «አፍርሰን ጂፕሰም እንምታ» ይላል። ጥፍሩ በሰፊው ለለቀቀ ኮርኒስ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። በጥቂት ስንጥቅ ምክንያት ግን አይገባም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው የአሮጌ ልስን ጥገና መመሪያም ቅድሚያ የሚሰጠው መጠገን ነው። ስምንት ኩንታል ፍርስራሽና የመቶ ዓመት አቧራ ከሳሎን ማውጣት ርካሽ አይደለም፤ ወፍራሙ ልስን ድምፅ የሚያፍነውን ያህልም ስሱ ቦርድ አያፍንም።

ስለዚህ ስቱኮ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት መሰላሉን አውጡ። መዳፋችሁን አስደግፉ፤ በስንጥቁ ጫፍ ላይም የዛሬን ቀን በእርሳስ ጻፉ።