ከመነቀሉ በፊት «ሐሽዋ» በይ

ጅዳ፣ ኑዝላ በሰው ቤት ስሠራ መንጋጋ ጥርሴ ተቦረቦረ። ማዳሜን መጠየቅ ፈርቼ በቅርንፉድ ስሸነግለው ከረምኩ፤ እስከ ሥሩ በስብሶ ተነቀለ።

ሁለተኛው ሲጀምረኝ ግን ቶሎ ተናገርኩ። በዓረብኛ «ኸልዕ» መንቀል፣ «ሐሽዋ» መሙላት ነው። ለሐኪሙ «ሐሽዋ» አልኩት። የበሰበሰውን ጠርጎ፣ የጥርስ ቀለም ያለውን ኮምፖዚት በስሱ እየደራረበ በሰማያዊ መብራት አጠነከረው። በዚያው ቀን አለቀ፤ ከጥርሴ አይለይም።

እህቴ፣ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ነገር ጥርስሽን ካመመሽ አትቆዪ። አስፕሪን ድድሽ ላይ አታድርጊ፤ ያቃጥላል። ፊትሽ ካበጠ ወይም ካተኮሰሽ በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ፣ የሐኪም ወረቀት ካለሽ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። ስለዚህ ልታከም ማለት ልመና አይደለም።