ፊልሞቹ የሚዘሏት ሳንቲም

«መጽሐፉን ላንብብ ወይስ ፊልሙን ልይ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል፤ ብዙ ጊዜም ስለ ቪክቶር ሁጎ «ሌ ሚዜራብል» ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ምንዱባን» ብለው ወደ አማርኛ ስለመለሱት ዋናው ገጸ ባሕርይ ዣን ቫልዣ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አሁን አሁን ግን መጀመሪያ በፊልም የሚተዋወቁት እየበዙ ይመስለኛል። ፊልሙ ደግሞ አንድ አይደለም። ልብ ወለዱ በ1862 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከወጣ ወዲህ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በ1925 ያለ ድምፅ፣ በ1934 በሦስት ክፍል፣ በ1958 ደግሞ ከተዋናዩ ዣን ጋባን ጋር ሠርተውታል። የሌላውን አገር ስንጨምር ዝርዝሩ ብዙ ነው።

እኔ አንድን ፊልም የምመዝነው ከመጽሐፉ በቆረጠው ነገር ነው።

የጳጳሱን የብር መቅረዝ ሁሉም ያስታውሳል። ለዳቦ ስርቆት አምስት፣ ለማምለጥ ሙከራዎቹ አሥራ አራት፣ በድምሩ 19 ዓመት ታስሮ የወጣው ቫልዣ ያስጠጉትን ጳጳስ የብር ዕቃዎች ይሰርቃል። ፖሊሶች አንጠልጥለው ሲያመጡት ጳጳሱ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው ሁለቱን መቅረዞች ይጨምሩለታል። ሁጎ ቫልዣን ከማምጣቱ በፊት ስለ እኚህ ጳጳስ ብቻ 14 ምዕራፍ ስለሚጽፍ፣ ስጦታው ለአንባቢው ዱብ ዕዳ አይሆንበትም። ፊልም ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ ይሁን፣ ጊዜ የለውም።

ይቅር የማልለው ቀጥሎ ያለውን ነው። በመጽሐፉ ቫልዣ ከዲኝ ከተማ ወጥቶ ሜዳ ላይ እንደተቀመጠ ፕቲ ዠርቬ የሚባል የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ እየዘፈነ ይመጣል። ሳንቲሞቹን ወደ ላይ እየወረወረ ሲቀልብ የአርባ ሱዋ ሳንቲም ታመልጠውና ተንከባልላ ቫልዣ እግር አጠገብ ትደርሳለች። ቫልዣ ይረግጣታል። ልጁ ይለምነዋል፣ ያለቅሳል፣ ኮሌታውን ይዞ ይወዘውዘዋል፤ እግሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ልጁ ፈርቶ ከሸሸ፣ ከመሸም በኋላ ነው ሰውየው ሳንቲሟን መሬት ላይ አይቶ የሚባንነው። ስሙን እየጠራ ቢፈልገው አያገኘውም። ከ19 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያለቅሰውም እዚያው ነው። መቅረዙን በተቀበለ በሰዓታት ውስጥ ሕፃን ዘረፈ ማለት ነው!

ሂዩ ጃክማን የተወነበት የ2012 ሙዚቃዊ ፊልም ይህን ትዕይንት ጭራሽ አያነሳውም። ሊያም ኒሰን የተወነበት የ1998ቱም እንደዚያው። ቢቢሲ በ2018 የሠራው ተከታታይ ፊልም አልዘለለውም፣ ለዚህም አከብረዋለሁ። መዘለሉ የሚያበላሸው ደግሞ ቫልዣን የሚያሳድደውን ፖሊስ ዣቬርን ጭምር ነው። በመጽሐፉ ሕግ ቫልዣን የሚፈልገው መንገድ ላይ ልጅ የዘረፈ፣ ወንጀል የደገመ ሰው ስለሆነ ነው፤ ክሱ እውነተኛ ተበዳይ አለው። በ2012ቱ ፊልም ጥፋቱ ከአመክሮ መጥፋት ብቻ ስለሚሆን ዣቬር ያለ በቂ ምክንያት ሙጭጭ ያለ ሰው ይመስላል።

የድሃዋ እናት የፋንቲንም ጥርስ እንደዚሁ ነው። ሁጎ የፊት ሁለት ጥርሶቿን በአርባ ፍራንክ ያስሸጣታል፣ ስትስቅ ጥቁር ቀዳዳ እንዲታይ ያደርጋል። የ2012ቱ ፊልም የመንጋጋ ጥርሷን ያስነቅላል፤ የአን ሃታዌይ ፈገግታ አይነካማ! ግን ፍትሐዊ ልሁን፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሎ፣ እዚያው ቀረጻ ላይ በራሷ ድምፅ የዘፈነችው ዘፈን መጽሐፉ ሊሰጠኝ የማይችለውን ሰጥቶኛል። በዋተርሎ ጦርነት ላይ ያሉትን 19 ምዕራፎች መቁረጣቸውንም አልቃወምም። ከዚያ ለታሪኩ የሚያስፈልገው የማደሪያ ቤት ባለቤቱ ቴናርዲዬ የሙታንን ኪስ ሲበረብር የምናይበት የመጨረሻው ነው።

ለሁጎ በጣም የቀረበው ግን ዣን ቫልዣ የሌለበት ፊልም ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። ላጅ ሊ በ2019 «ሌ ሚዜራብል» ብሎ የሠራው ፊልም በዛሬዋ ሞንፌርሜይ ነው የሚካሄደው፤ የፋንቲን ልጅ ኮዜት በልጅነቷ የተሰቃየችበት የቴናርዲዬ ማደሪያ ቤት ያለባት ከተማ መሆኗ ነው። ኢሳ የሚባል ልጅ ከሰርከስ የአንበሳ ግልገል ይሰርቃል፤ ሲያሳድዱት ከነበሩት ፖሊሶች አንዱ በጎማ ጥይት ፊቱን ይመታዋል። ልጅ፣ ትንሽ ስርቆት፣ ፖሊስ፤ ከመጽሐፉ አንድ ትዕይንት ሳይወስድ የሁጎን ቁጣ ይዞታል። በካን ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማትን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ አስቀድማችሁ አንብቡ፣ ቀጥሎ የ2019ኙን እዩ፣ ዘፈኑን ከወደዳችሁ የ2012ቱን ለእረፍት ቀን አቆዩት። ላጅ ሊን ያያችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ሐሳባችሁን ጣሉ፤ መጨረሻውን ግን ላላዩት እንዳትነግሩብኝ።